ከነዊልቸሬ ጀልባ ላይ

መጀመሪያ የከዳኝ ቀኝ እግሬ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሳለ እግሬ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ አረፈ። ማረፉን ያወቅሁት መርፌው ሲቆም ነው። ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሣሁና ወደ ቦታው መለስኩት። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተንሸራተተ።

ዘይነብ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው ያገባሁ፣ እዚያው ልብስ እየሰፋሁ የምኖር የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። ይህን የምጽፈው ጀርባውን እያመመው "ይተወኛል" ብሎ ለተቀመጠ ሰው፣ እንደ እኔ ዊልቸር ላይ ለዋለ ሰው፣ ለሚያስታምመውም ቤተሰብ ነው። ስለ በሽታው ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ጀልባው ጋ ስደርስ ግን ደስታዬን መደበቅ አይሆንልኝም። ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እውነቱን ለመናገር እግሬ ከመክዳቱ በፊት ሰውነቴ ለሰባት ወር ያህል ሲነግረኝ ከርሟል። አጣዬ ከተማ የተቃጠለች ጊዜ እዚያ የምትኖረው እህቴ ከነልጆቿ እኛ ቤት ተጠግታ ነበር። ፍራሹን ለእነሱ ለቅቄ ምንጣፍ ላይ እተኛ ስለነበር ጀርባዬን ያመመኝ በዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ። እነሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሕመሙ ግን አልተወኝም። ስተኛ ያልበኛል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ደግሞ ተኝቶ የማያልበው ማን አለ? ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ልብስ ሰፊ ነኝና ጎኑን አጠበብኩት እንጂ ለምን እንደሰፋኝ አልጠየቅሁም።

አንድ ክሊኒክ ኩላሊት ነው አለኝ፤ ሌላው ታይፎይድ። ሁለቱም መድኃኒት ሰጡኝ፤ ወሰድኩ። አልተሻለኝም። አማቴ እማማ ፋጡማ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። እግሬ መንሸራተት ሲጀምር "ይሄ የአጥንት ነገር ነው፣ ወጌሻ ይየው" ብለው ካራቆሬ አጠገብ ወዳለ ወጌሻ ወሰዱኝ። ብዙ ሰው ያዳነ፣ የተከበረ ሰው ነው። ጀርባዬን ዳበሰና "አጥንቱ ከቦታው ወጥቷል" አለ። በሆዴ አስተኛኝ። ከዚያ በጉልበቱ ተጫነኝ።

በማግሥቱ መቆም አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን ሽንቴ አልወጣ አለ። ከዚያ ሳላውቀው ወጣ። ፍራሹ ሲረጥብ አየሁት እንጂ አልተሰማኝም።

ባለቤቴ ሰይድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶኝ የጣርማ በርን ዳገት ወጥተን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። በመርፌ ጫፍ ከእግር ጣቴ ጀምራ ወደ ላይ እየነካካች ትጠይቀኝ ጀመር።

"ይሰማሻል?"

"አይሰማኝም።"

"እዚህስ?"

"አይሰማኝም።"

እምብርቴ አጠገብ ስትደርስ ተሰማኝ። መርፌዋን አስቀመጠችና ሰይድን "ዛሬውኑ አዲስ አበባ መሄድ አለባት" አለችው።

አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ያሳየኝ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቃሉን አልሸፋፈነም። "የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው። እኛ ፖትስ ዲዚዝ እንለዋለን። ሁለት አጥንቶችሽን በልቷል፣ መግል ቋጥሯል። መግሉ ኅብለ ሠረሰርሽን ተጭኖታል።"

"ቲቢ? እኔ እኮ አስዬ አላውቅም" አልኩት።

"ሳል የሌለው ቲቢ አለ" አለኝ።

ወጌሻው ስላደረገው ነገር ነገርኩት። ፎቶውን እንደገና አየና መለሰልኝ። "በሽታው ከዚያ በፊትም ነበር። መጫኑ ምን ያህል እንደጎዳሽ ልናውቅ አንችልም። የሚጠቅም ግን አልነበረም።"

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። መግሉን አወጡ። ጀርባዬ ውስጥ ብረትና ብሎን ገባ። ስነቃ ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር።

"ሕይወትሽ ተርፏል" አለኝ። "ስለ እግርሽ ግን ቃል አልገባልሽም።"

አላለቀስኩም። እንባው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ነርሷ ወደ ጎን ስታገላብጠኝ "ቁስል ጀምሯል" ስትል ሰማሁ። የአልጋ ቁስል ነው። ስላልተሰማኝ አላወቅሁም። በገዛ ሥጋዬ ላይ ቁስል ወጥቶ ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ያን ቀን አለቀስኩ።

የቲቢውን መድኃኒት ዓመት ሙሉ ዋጥኩ። ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፤ ሆዴ ተገለበጠ፤ ጉበቴን በየጊዜው መረመሩኝ። አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ማስታወሻ ይዞ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ ክኒኑን መዳፌ ላይ የሚያስቀምጥልኝ ሰይድ ነበር። ለጉዞ ሲወጣ ደግሞ ትልቋ ልጄ ሀያት ትተካለች። ቁስሉ እስኪድን አራት ወር ፈጀ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሮች መሻሻል ጀመሩ። ፊዚዮቴራፒስቱ በክንዴ ተደግፌ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ መሻገርን አስተማረኝ። ነርሷ ደግሞ በየአራት ሰዓቱ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ካቴተር የሚሉትን፣ ራሴ አስገብቼ ሽንቴን ማውጣት አስተማረችኝ፤ መጀመሪያ ረጅም ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን ሌላ ሰው ፊቱን በሚታጠብበት ጊዜ እጨርሳለሁ። የግራ ጭኔ ሙቀትና ቅዝቃዜን መለየት ጀመረ። ቀኙ አልተመለሰም። አልሄድኩም፤ እስከ ዛሬም አልሄድም። ወገቤ ግን ቀና አለ፣ ሕመሙ ተወኝ፣ ክብደቴ ተመለሰ። ሰይድ የስፌት መኪናዬ ላይ ትንሽ ሞተር አስገጠመልኝና ማብሪያውን በክንዴ እየተጫንኩ እንደገና መስፋት ጀመርኩ።

ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ስፌት ክፍሉ። ሦስት ዓመት ዓለሜ ይኸው ነበር። ሰርግ ስጠራ አልሄድም፤ ለቅሶ ልጆቼን እልክ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ልናገረው። ሆስፒታል ሳለሁ አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ሁለት የማላውቃቸው ወንዶች ተሸክመው ደረጃውን አወረዱኝ። በጎ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን መሀል ላይ ሻሼ ወደቀ፣ ቀሚሴ ተገለበ፤ እጆቼ አንገታቸው ላይ ስለነበሩ መሸፈን አልቻልኩም። ደረጃው ሙሉ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሸከመኝ ቦታ አልሄድም ብዬ ለራሴ ማልኩ። የካቴተሬ ሰዓት ሰው መሀል ይደርስብኛል ብዬም እፈራ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ ሀያት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨረሰች። አባቷ ምን ሊያደርግላት እንደሚችል ጠየቃት። ስልክ ትላለች ብለን ስንጠብቅ "ሁላችንም አንድ ላይ ሐዋሳ ሄደን ጀልባ ላይ እንውጣ" አለች።

"እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ" አልኩ።

ሀያት ስልኬን አንሥታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። "እማዬ፣ ካንቺ ጋር የተነሣነው ሁሉ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የትኛውን ነው ይዤ የምሄደው?"

የዘጠኝ ዓመቷ ታናሿ ፈቲያ ደግሞ ነገሩን ባጭሩ ቋጨችው። "እማዬ ካልሄደች ማንም አይሄድም።"

ለክትትል ደብረ ብርሃን ስሄድ የሚያየኝን ሐኪም "ጀልባ ላይ መውጣት እችላለሁ?" አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። "እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ታካሚ የለም" አለ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ነገረኝ። "ትችያለሽ። መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ በክንድሽ ከፍ እያልሽ መቀመጫሽን አሳርፊ። ካቴተሩን ሰዓቱን አታሳልፊ፣ ሽንትሽን ፈርተሽም ውሃ መጠጣት አትተዪ። ጀልባው ላይ የነፍስ አድን ጃኬት ልበሺ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ወንበሩን ከጀልባው ጋር እሰሩት፣ አንቺን ግን ከወንበሩ ጋር እንዳያስሩሽ። ጀልባው ቢገለበጥ ወንበሩ ይዞሽ ይሰምጣል።"

ከሐኪሙ ክፍል የወጣሁት ጀልባው ላይ ያለሁ እየመሰለኝ ነው።

የዝግጅቱ ሳምንት እንዴት እንደሄደ አልነግራችሁም! ለሚኒባሱ መስኮት መጋረጃ ሰፋሁ፤ መንገድ ላይ ካቴተሬን የምጠቀመው ከእሱ ጀርባ ተደብቄ ነው። ለመቀመጫዬ ወፍራም ስፖንጅ ሸፍኜ ትራስ ሠራሁ። ነፋስ የሚያስገባ ስስ ጨርቅ መርጬ ለአራታችን ሴቶች፣ ለእማማ ሳይቀር፣ አንድ ዓይነት ሻሽ ሰፋሁ። ዊልቸሬን ለካሁ፤ ከጎማ እስከ ጎማ ስድሳ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ሀያት የአንድ ባለ ጀልባ ስልክ አፈላልጋ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችን።

"ዊልቸር ጭነው ያውቃሉ?"

"ችግር የለም የኔ ልጅ፤ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉን፣ ተሸክመን እናስገባታለን" አለ ሰውዬው።

ልቤ ቅዝቅዝ አለ። ግን ሻሹ ተሰፍቶ አልቋል።

ሰይድ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቶ አንድ ማለዳ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነሣን። እማማ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘው ከሁላችንም ቀድመው ገቡ። ዳገቱን ስንወጣ የሮቢት ሙቀት ወደ ኋላ ቀረ፤ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፈቲያ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ይህን መንገድ ከዚህ በፊት ደጋግሜ የወጣሁት ተኝቼ ነው፤ ጣሪያ ነበር የማየው። አሁን ተቀምጬ በመስኮት እያየሁ ነው። ገደሉን አየሁ፣ ገብሱን አየሁ፣ መንገድ ዳር የሚሸጡ ሰዎችን አየሁ፤ ሰይድ በመስታወቱ እያየኝ ፈገግ ይላል። አዲስ አበባን አልፈን ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ ፈቲያ መዝፈን ጀመረች፤ እስከ ዝዋይ አላቋረጠችም።

ዝዋይ ያደርንበት የእንግዳ ማረፊያ ምድር ቤት ላይ ክፍል ሰጠን። ጥሩ ክፍል ነበር። የመጸዳጃ ቤቱ በር ግን ስድሳ ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ስድሳ አራት። ሰይድ ከመኪናው ጠመንጃ መፍቻ አምጥቶ በሩን ከማጠፊያው ነቀለው። ያም ሆኖ መቃኑን ጎማዬ እየፋቀው ነው የገባሁት። በበሩ ፈንታ አንሶላ ሰቀልን። ጠዋት መልሶ ሲገጥም የማረፊያው ባለቤት ሴትዮ ደርሰው አዩት። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ "እንኳንም ነቀልከው፣ ትናንት ብትነግሩኝ እኔም አግዛችሁ ነበር" አሉና ለቁርስ ጠሩን።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ጠዋት ነበር። ሚኒባሱ በር ተከፍቶ ዊልቸሬ ላይ ስቀመጥ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ውሃ! ማዶው በጭጋግ የደበዘዘ ውሃ። ሕይወቴን ሙሉ ያየሁት ውሃ በጋ ሲሆን ድንጋዩ የሚቆጠር የሮቢት ወንዝ ነው። እማማ አጠገቤ ቆመው "ሱብሃነላህ" አሉ።

ባለ ጀልባው ጋሼ ደሳለኝ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ ቀጭን፣ ባዶ እግራቸውን የመሳፈሪያው እንጨት ላይ እንደ ቤታቸው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ሁለት ጎረምሶች ጠሩ፤ ልጆቹም እጃቸውን ጠራርገው ወደ እኔ መጡ።

"ጋሼ፣ አይሆንም" አልኳቸው። "ሰው አይሸከመኝም። ወይ ከነወንበሬ እገባለሁ፣ ወይ ከዚሁ ሆኜ ቤተሰቤን አያለሁ።"

"ሃያ ዓመት ሰው ጭኛለሁ፤ ወንበር ጭኜ ግን አላውቅም" አሉ ራሳቸውን እያከኩ። "እስቲ እንሞክረው።"

መሳፈሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ጀልባዋ ዝቅ ብላ ትወዛወዛለች። ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች አመጡና ጎን ለጎን ዘረጉ። ሰይድ ከኋላዬ ያዘኝ፤ ፊቴን ወደ ውሃው አድርገን መውረድ ጀመርን።

ጀልባዋ ተወዛወዘች። ሳንቃዎቹ ተራራቁ። ትንሿ የፊት ጎማ መሀላቸው ገባች። ወደ ፊት አዘነበልኩ። ከጉልበቴ በታች ውሃው ይታየኛል።

"ያ አላህ!" እማማ ጮኹ።

ሰይድ ያዘኝ። እንዴት እንደያዘኝ አላውቅም። ጋሼ ደሳለኝ ዘልለው ከፊት ደገፉኝ። ወደ ኋላ ጎትተው መሬት ላይ መለሱኝ። ፈቲያ እያለቀሰች ነበር።

"ይበቃል" አልኩ። "ሂዱና ዞራችሁ ኑ። ከዚህ እጄን አወዛውዝላችኋለሁ።" ከልቤ ነበር የተናገርኩት። እንዲያውም ውስጤ ቀለል ብሎት ነበር፤ ሞክሬያለሁ፣ አልሆነም፣ ማንም አይወቅሰኝም።

በዚህ መሀል እማማ ጫማቸውን ሲያወልቁ አየሁ። መንገዱን ሙሉ "እኔ ውሃ ላይ አልወጣም፣ ዳር ሆኜ ዱዓ አደርጋለሁ" ሲሉ የነበሩ ሴት ናቸው። የጋሼ ደሳለኝን እጅ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ቢስሚላህ" እያሉ ጀልባዋ ውስጥ ወረዱ። ከዚያ ሳንቃዎቹ ጀልባዋ ውስጥ በገቡበት ጫፍ ላይ፣ ወደ ጎን ጠጋ ብለው፣ ቁጭ አሉ። እማማ ደልደል ያሉ ናቸው። ሳንቃዎቹ ፀጥ አሉ።

"እኔ ከዚህ አልነሣም" አሉ። "በያ፣ ነይ!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ፊዚዮቴራፒስቱ ስለ ቁልቁለት ያስተማረኝ ትዝ አለኝ፤ ዊልቸር ቁልቁል የሚወርደው በኋላው ነው፣ ትልልቆቹ ጎማዎች ቀድመው። በፍርሃት ረስቼው ኖሯል። ድምፄ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ማዘዝ ጀመርኩ። "ሳንቃዎቹ በገመድ ይታሰሩ፣ መሀላቸው ቀዳዳ አይኑር። የሚኒባሱን የላስቲክ ምንጣፍ አምጡና ላዩ ላይ አንጥፉት፣ እንዳይንሸራተት። አንዱ አግዳሚ ወንበር ከጀልባዋ ይነሣ። ሰይድ፣ አንተ ከኋላዬ ከታች ሁን። ጋሼ፣ አንቱ ከፊት ብረቱን ይያዙልኝ፣ እግሬን አይያዙ።"

ጋሼ ደሳለኝ "እሺ ካፒቴን" አሉ። ፈቲያ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ጀርባዬን ሰጥቼ ወረድኩ። አንድ ክንድ። ሌላ አንድ ክንድ። ሰይድ ጆሮዬ ሥር ይተነፍሳል። ከዚያ የኋላ ጎማዎቼ የጀልባዋን ወለል ነኩ፤ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገብቻለሁ። ሻሼ ራሴ ላይ ነው፤ ቀሚሴ ጉልበቴን ሸፍኗል፤ ማንም አልተሸከመኝም! ዳር ቆመው ሲያዩ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች አጨበጨቡ፤ እኔም አብሬያቸው አጨበጨብኩ።

የወንበሩን ፍሬን ያዝን፣ ወንበሩን ከጀልባዋ ጎን ጋር አሰርነው፣ እኔን አላሰሩኝም። የነፍስ አድን ጃኬቱን ለበስኩ። ሞተሩ ተነሣና ዳሩ እየራቀ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል መናገር ያስቸግረኛል፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣብኝ። ነፋሱ አንድ ዓይነት ሻሾቻችንን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያራግባቸው፣ ሀያት ፎቶ ስታነሣ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ቄጠማው ዳር እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩን፣ ጋሼ ደሳለኝ ጀልባዋን ሲያዞሩ ውሃው ተረጭቶ ጭኔ ላይ ሲያርፍ። ግራው ቀዘቀዘው። ቀኙ ምንም አልተሰማውም። ተአምር አልተፈጠረም፤ አልጠበቅሁምም። ግን የቀዘቀዘው የግራ ጭኔ በቂዬ ነበር፤ እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ ፈቲያን ረጨኋት፣ እሷም መልሳ ረጨችኝ፣ ሰይድ "ኧረ ጀልባዋን ትገለብጧታላችሁ!" እያለ ራሱም ይረጫል።

ጉማሬዎቹ ያሉበት አካባቢ ስንደርስ ጋሼ ደሳለኝ ሞተሩን አጠፉ፤ ርቀን ቆምን። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ብቻ ወጣ። ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ ሙሉ ጭንቅላት ብቅ ብሎ በረጅሙ ተነፈሰና ተመልሶ ገባ። ፈቲያ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ድምፅ ሳታወጣ ትዘላለች። እንደዚያ ዝም ብለን ስንጠባበቅ እማማ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ዘይነቤ" አሉኝ በቀስታ። "ያን ወጌሻ ጋ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ በሰገድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም። ብትወቅሺኝ ይሻለኝ ነበር።"

ቤታችን ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አንሥተነው አናውቅም። እኔም ወቅሻቸው ነበር፤ በልቤ። ሌላ ማለት ውሸት ይሆንብኛል።

"አንዳንድ ቀን ተቀይሜዎት ነበር፣ እማማ" አልኳቸው። "ግን እኔም አምኜ ነው የሄድኩት። ሐኪሙም በሽታው ቀድሞ ነበር ብሎኛል። ዛሬ ደግሞ ሳንቃው ላይ ተቀምጠው ያስገቡኝ አንቱ ነዎት።"

እጄን ይዘው እስክንመለስ አለቀቁትም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልጨምር፤ ዊልቸር ላይ ያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጀልባው ውስጥ ለመግባት ብዙ ሰዓት ስለፈጀብን ሐይቁ መሀል ሳለን የካቴተሬ ሰዓት ደረሰ። ለሀያት በዓይኔ ነገርኳት። ሀያትና እማማ ሰፊ ነጠላ ዘርግተው ከበቡኝ፤ ሰይድና ጋሼ ደሳለኝ ወደ ፊት ዞረው ስለ ዓሣ ያወራሉ። እጄን በሳሙና ውሃና በአልኮል አጸዳሁ፣ አዲስ ካቴተር አወጣሁ፣ በከረጢት ተቀበልኩት፣ ጨረስኩ። ስንት ዓመት ከቤት ያስቀረኝ ፍርሃት በጥቂት ደቂቃ አለቀ።

ወደ ዳር ስንመለስ ማን "ለምን ቶሎ ተመለስን" ቢል ጥሩ ነው? እማማ። "ይቺን አንድ ዙር እንደገና አያዞሩንም?" ብለው ጋሼ ደሳለኝን ለመኑ። ዞርን። ከዚያ ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ በልተን፣ በማንጎው አፋችንን አጣፍጠን፣ ፀሐይ ወደ ማዶ ስታዘቀዝቅ አየን። ሀያት በዚያ ቀን ያነሣችው አንድ ፎቶ አለ፤ አምስታችንም አለንበት፣ ጋሼ ደሳለኝ ናቸው ያነሡን። እሱን ነው ይዛ ዩኒቨርሲቲ የሄደችው።

ማመስገን አለብኝ። መርፌዋን አስቀምጣ ቶሎ ለላከችኝ ወጣት ሐኪም፤ ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል ላልገባልኝ ቀዶ ሐኪም፤ ካቴተርን እንዳላፍርበት ላስተማረችኝ ነርስ፤ ላላስቸኮሉን ጋሼ ደሳለኝ። ሰይድን በዚህ ጽሑፍ አላመሰግነውም፤ በቃሌ ነግሬዋለሁ። አላህን ደግሞ በየሶላቴ።

ከተመለስን ወዲህ አንድ ነገር ሆነ። ጎረቤታችን ጋሼ ወርቁ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ ስትሮክ መቷቸው ዊልቸር ላይ ከዋሉ ወዲህ ሁለት ዓመት ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ፎቶውን ሀያት ስልክ ላይ አይተው መጡና "እንዴት አስገቡሽ?" ብለው ጠየቁኝ። መንገሩን ትቼ ዊልቸሬን ገፍቼ ቤታቸው ሄድኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰው ደጃፍ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ደፋቸውን ለካሁ፤ ሰይድ ከጣውላ መወጣጫ ሠራላቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ወርቁ ገበያ መሀል የማሾ ጥራጥሬ ሲያማርጡ፣ ነጋዴውን "ይሄ ድንጋይ አለበት" እያሉ ሲቆጡ አየኋቸው። ለሰላምታዬ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም!

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ጀርባችሁን ከሳምንታት በላይ የሚያማችሁ ከሆነ፣ ስትተኙ የሚያልባችሁ ከሆነ፣ ልብሳችሁ የሰፋችሁ ከሆነ፣ ሙቀቱ ነው አትበሉ። ራጅ ሳትነሡ ማንም ጀርባችሁን እንዳይጫን። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ ቀኑ ዋጋ አለው። የቲቢ መድኃኒት ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው ዋጡ፣ ቢሻላችሁም። አስታማሚዎች፣ በሽተኛችሁን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፤ ቁስል ሳይጀምር። ዊልቸር ላይ ያላችሁ፣ ወንበራችሁን ለኩና ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የበር ስፋት ጠይቁ። ሰው ሊረዳችሁ ሲመጣ እንዴት እንደሚረዳችሁ እናንተ ንገሩት፤ ብዙው ሰው ስላልተነገረው ነው የሚሳሳተው።

ሐኪም የከለከላችሁ ነገር ካለ ሐኪሙን ስሙ። ያልከለከላችሁን ግን ራሳችሁ አትከልክሉት።